ከቁሌቱ በፊት

በታች ጋይንት ወረዳ፣ አርብ ገበያ ላይ፣ በገበያ ቀን የሚሸጠው አብዛኛው ነገር መጨረሻው ድስት ነው። ቀይ ሽንኩርት በማዳበሪያ ከረጢት፣ ጨው በላስቲክ፣ በርበሬ በሰፌድ፣ እንቁላል ጭድ በተጎዘጎዘበት ቅርጫት ይቀርባል። ከሰዓት በኋላ ገበያተኛው ወደየመንደሩ ሲበተን ውሻ ያስከተለ አይጠፋም። ለዚያ ውሻ ተብሎ የተገዛ ነገር ግን በሸክሙ ውስጥ የለም። የጋይንት ውሻ የሚበላው ቤቱ ከበላው የተረፈውን ነው፤ እንጀራ ካለ እንጀራ፣ ወጥ ከተረፈ ፍትፍት፣ በግ ከታረደ አጥንት። እሱም በፋንታው ሌሊቱን ከጅብ ጋር ተፋጦ ያነጋል።

ይህ ውል ለጤነኛ ውሻ ከሞላ ጎደል ይሠራል። ውሻው አርጅቶ ኩላሊቱም ልቡም ሲታመሙ ግን ለዓመታት ያኖረው ድስት ይጎዳው ጀመር ማለት ነው። ደስ የሚለው፣ ለዚህ ውሻ ከሚያስፈልገው እንክብካቤ ትልቁ ድርሻ ከጓዳ የሚወጣ መሆኑ ነው። ጋይንት ውስጥ ያለች አንዲት ባልቴት ልታደርገው የምትችለው ብዙ ነገር አለ፤ ምን እየሆነ እንዳለ የሚነግራት ሰው ካገኘች።

ከከተማዋ ወጣ ባለ አንድ ግቢ አንበሴ የሚባል ውሻ አለ። ዕድሜው 11 ዓመት ነው፤ ባለቤቱ መንደሩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው አሮጊት ናቸው። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ አንበሴ ከከብቶቹ ገንዳ አፉን አያነሣም። ሌሊት የተኛበት ጆንያ ረጥቦ ያድራል። ጎኑ ገባ፣ ጠጉሩ ቆመ። ማለዳ ሲነሣ አጥንት ያነቀው ይመስል ደጋግሞ ይስላል፤ ሳሉ ሲያበቃ ነጭ አረፋ ይተፋል። ጎረቤቶች መጥተው መከሩ።

«እማማ፣ ይሄ ነገር ደግ አይደለም። አፉ ይዝረበረባል፣ እህል ጠልቷል። ሳያብድ ይወገድ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ደጄን የጠበቀ ነው። ምን እንደያዘው ሳላውቅ ዱላ አላስነሣበትም።»

ለከብቶች ክትባት ወደ ቀበሌው የመጣውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስጠሩት። ወጣት ነው፤ ውሻ እንዲያይ የሚጠራው ከስንት አንዴ ነው። የወረዳ እንስሳት ጤና ክሊኒክ የተቋቋመው ለበሬ፣ ለላም፣ ለበግ፣ ለአህያ ነውና። ቢሆንም መጀመሪያ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር።

«እማማ፣ የእብድ ውሻ ክትባት ተከትቧል?»

ይህ ጥያቄ መቅደም አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ በዚህ አገር ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1884 በበጌምድር፣ በጎጃም፣ በወሎና በትግራይ ወረርሽኝ ሆኖ እንደነበር ተመዝግቧል፤ በ1895 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ተነሥቷል። ዛሬም ሰው ይገድላል። ስለዚህ አፉ የሚዝረበረብ፣ ያልተከተበ ውሻ ሲገኝ ማንም እጁን ወደ አፉ መስደድ የለበትም፤ የተነከሰ ሰውም ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ይሁን እንጂ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ውሻው በቀናት ውስጥ ይሞታል። የነከሰ ውሻ ታስሮ ለ10 ቀን የሚጠበቀውም ለዚህ ነው። አንበሴ ክትባቱን ወስዷል፤ ሕመሙም ወራት ያስቆጠረ ነው። ምራቁ የሚዝረበረበው ኩላሊቱ ማጣራት ያቃተው ቆሻሻ በደሙ ተከማችቶ ስለሚያቅለሸልሸውና አፉን ስላቆሰለው ነው። ስንት አሮጌ ውሻ በዚህ ምልክት «አበደ» ተብሎ በዱላ እንዳለቀ ሳስብ ልቤ ያዝናል።

ባለሙያው ጓንቱን አድርጎ የውሻውን ከንፈር ገለጠ። ድዱ ነጣ ብሏል፤ ትንፋሹ ሽንት ሽንት ይሸታል። ማዳመጫውን በግራ ጎኑ ላይ ሲያሳርፍ የልብ ምቱን እየተከተለ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ሰማ። ከጥቂት ዝምታ በኋላ ውሃ መጠጣቱን ጠየቀ።

«ኧረ ልጄ፣ አይጠየቅ! ልጆቹ ከምንጭ ተሸክመው የሚያመጡትን ይጨርስባቸዋል። ገንዳውን አንሡበት ብለውኛል።»

«እንዳያነሡበት፣ እማማ። ውሃውን የከለከሉት ቀን ይሞታል።»

የውሻ ኩላሊት እያንዳንዱ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ረቂቅ ማጣሪያዎች አሉት። እነዚህ ማጣሪያዎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም፤ የቀሩት የሟቾቹን ሥራ ደርበው ይሠራሉ። ከማጣሪያዎቹ ሁለት ሦስተኛው ሲጠፋ ኩላሊቱ ሽንት የማወፈር አቅሙን ያጣል። ያኔ ሰውነት ቆሻሻውን ለማስወጣት ብዙ ውሃ ማባከን ግድ ይሆንበታል፤ የሸናውንም ለመተካት ውሻው አብዝቶ ይጠጣል። ብዙ ሰው ነገሩን ገልብጦ ስለሚያይ «ብዙ ስለጠጣ ብዙ ሸና» ይላል፤ እውነቱ ብዙ ስለሸና ብዙ መጠጣቱ ነው። ጀሪካን በጀርባ በሚመጣበት አገር የአሮጌ ውሻ ጥማት ሸክም መሆኑ ይገባኛል። ውሃውን መከልከል ግን ገና የሚሠራውን ጥቂት ኩላሊት ማድረቅ ነው።

በደም ምርመራ በሽታው የሚገኘው ከዚህም ዘግይቶ ነው። ክሬያቲኒን የሚባለው ቆሻሻ በደም ውስጥ ከፍ ብሎ የሚታየው ከኩላሊቱ ሦስት አራተኛው ሥራ ካቆመ በኋላ ነው። አይሪስ በሚል ምህፃረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ኩላሊት ሐኪሞች ስብስብ በሽታውን በአራት ደረጃ ይከፍለዋል። ለውሻ በዴሲሊትር ደም ከ1.4 ሚሊግራም በታች አንደኛው፣ እስከ 2.8 ሁለተኛው፣ ከ2.9 እስከ 5 ሦስተኛው፣ ከዚያ በላይ አራተኛው ነው። ክሬያቲኒን በሰውም በውሻም ደም ውስጥ ያው ንጥረ ነገር በመሆኑ የሰው ላብራቶሪ ማሽን ሊለካው ይችላል። ውጤቱን በውሻ መስፈርት የሚያነብ ባለሙያ ካለ ለዚህ ብቻ ጎንደር ድረስ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል። በሽንት ውስጥ የሚፈስ ፕሮቲን መኖሩን ደግሞ ጤና ጣቢያዎች የሚጠቀሙባት የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ትጠቁማለች።

የልቡ ነገር ከዚህ ይለያል። በውሾች ከሚታየው የልብ በሽታ ሦስት አራተኛ ያህሉ በግራ ልብ ውስጥ ያለው ሚትራል የሚባለው ቫልቭ መወፈርና መጨማደድ ነው። ቫልቩ በደንብ ስለማይገጥም በእያንዳንዱ ምት ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ባለሙያው የሰማው «ሽሽ» የሚል ድምፅ ይኸው ነው። ልብ እየሰፋ ሲሄድ ከላዩ ያለውን የአየር ቧንቧ ሊጫን ይችላል፤ ደም ወደ ሳንባ ሲጠራቀም ደግሞ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል። ይህ በሽታ ከሁሉ ይልቅ የሚጠናው በትንንሽ ዝርያዎች ላይ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ውሻ ሉሉ ከዚሁ ወገን፣ ቺዋዋ፣ ነበር፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ውሾች በዝተዋል። የአገራችን መካከለኛ ቁመና ያለው የዘብ ውሻ ለዚህ በሽታ የታወቀ ባይሆንም ዕድሜ ከገፋ አይቀርለትም። የሚያሳዝነው አብዛኞቹ እዚያ ዕድሜ ሳይደርሱ ማለቃቸው ነው።

ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰውነት ሲገናኙ የሚሆነውን ለእማማ ማስረዳት ለባለሙያው ከሁሉም የከበደው ነገር ነበር። የደከመ ልብ ደም በበቂ ኃይል ስለማይገፋ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ኩላሊት ይህን ሲያይ ሰውነቱ ደም ያነሰው ይመስለዋል። ስለዚህ ሬኒን የሚባል ንጥረ ነገር አመንጭቶ ሰውነት ጨውና ውሃ እንዲይዝ፣ የደም ሥሮችም እንዲጠብቡ ያዛል። የተያዘው ጨውና ውሃ ተመልሶ የሚጫነው ያንኑ የደከመ ልብ ነው። ልብን ለማዳን ሐኪሙ ውሃ የሚያስሸና መድኃኒት ሲያዝ ኩላሊት ይደርቃል፤ ኩላሊትን ለማዳን ጉሉኮስ በብዛት ሲሰጥ ሳንባ ውሃ ይሞላል። በገደል አፋፍ መንገድ የተጫነች በቅሎ የሚነዳ ሰው በአንድ በኩል እንዳይገፋት፣ በሌላው በኩል እንዳትንሸራተትበት እንደሚጠነቀቅ ሁሉ ሐኪሙም በሁለቱ መካከል ቀስ እያለ መሄድ አለበት። ለዚህ ነው የሁለቱ በሽተኛ መድኃኒት በጎረቤት ምክር የማይጨመረው፣ የማይቀነሰውም።

መድኃኒቶቹ እንግዳ አይደሉም። ፉሮሴማይድ ውሃ ያስሸናል፤ ኢናላፕሪል የሬኒንን ትዕዛዝ ያለዝባል፤ አምሎዲፒን የደም ግፊት ያወርዳል። ሦስቱም የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው መሠረታዊ ናቸው ብሎ ከመዘገባቸው መድኃኒቶች መካከል ናቸው። ፒሞቤንዳን የሚባለው የልብን ጡንቻ የሚያበረታ መድኃኒት ደግሞ በዋናነት ለውሻ የሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በ11 አገሮች 360 ውሾች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤቱ ሲታተም፣ ልባቸው ሰፍቶ ገና ያልደከሙ ውሾች በዚህ መድኃኒት የልብ ድካሙ 15 ወር ያህል ዘግይቶላቸው ተገኝቷል። መጠኑ ግን በውሻው ኪሎና በኩላሊቱ ደረጃ ስለሚወሰን ከሰው ማዘዣ ተቀድቶ አይሰጥም።

አንድ ነገር በጥብቅ ልበል። ውሻው ሲያነክስ ወይም ሲያቃስት አይተው ለሰው የሚሰጥ ማስታገሻ የሚሰጡ አሉ። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚቀንሱ የታመመውን ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊያጠፉት ይችላሉ። ፉሮሴማይድና ኢናላፕሪል ለሚወስድ ውሻ አደጋው ይብሳል። በቤት ካለው ክኒን አንዲትም አይስጡት።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። ምግብ የኩላሊት ሕመምተኛ ውሻን ዕድሜ እንደሚያራዝም የታወቀው ከአንድ መሪ ውሻ የተነሣ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሞሪስ ፍራንክ የሚባል ዓይነ ስውር አሜሪካዊ ባዲ የተባለ መሪ ውሻው ኩላሊቱ ታሞበት ኒው ጀርዚ ወደሚገኘው የእንስሳት ሐኪም ማርክ ሞሪስ ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ በጊዜው የተለየ መድኃኒት ስላልነበረው ፕሮቲኑ ጥቂት ግን ጥራት ያለው፣ ጨውና ማዕድኑ የቀነሰ ምግብ እቤቱ አብስሎ ሰጠው። ውሻው ተሻለው፤ ሐኪሙና ሚስቱም ምግቡን እቤታቸው በብልቃጥ እያሸጉ ይልኩ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1948 ያ የጓዳ ቀመር በካንሳስ ፋብሪካ ገብቶ የመጀመሪያው የታዘዘ የውሻ ምግብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የሚኒሶታ ሐኪሞች ጥናት ደግሞ የሞሪስን ግምት በቁጥር አረጋገጠ። ኩላሊታቸው በደከመ 38 ውሾች ላይ በተደረገው በዚህ ጥናት የኩላሊት ምግብ የተሰጣቸው በመካከለኛ ስሌት 594 ቀን ሲኖሩ፣ ተራውን የውሻ ምግብ የበሉት 188 ቀን ኖረዋል። ከአንድ ዓመት በላይ ልዩነት ነው፤ ያስገኘውም ሳህን ላይ የቀረበው ነገር ነው።

በጋይንት ጓዳ የመጀመሪያው እንቅፋት ሽንኩርት ነው። የእኛ ወጥ የሚጀምረው በቁሌት ነው፤ ጨው የሚገባው መጨረሻ ላይ። ስለዚህ «ጨው ሳይገባ ለውሻው ቀንሱለት» ማለት አይበቃም፤ ያን ጊዜ ሽንኩርቱ በወጡ ውስጥ ቀልጦ አልቋል። ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፤ ማብሰል መርዙን አያጠፋውም። በአንድ ጊዜ በኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት የበላ ውሻ ይታመማል፤ ትንሽ ትንሹም በየቀኑ ሲደጋገም ይጠራቀማል። ኩላሊቱ የደከመ ውሻ ደግሞ ደም እንዲመረት የሚያዝዘው ሆርሞን ራሱ ከኩላሊት የሚወጣ በመሆኑ ቀድሞውንም ደሙ አንሷል፤ የአንበሴ ድድ የነጣው በዚህ ነው። ድርሻው መነሣት ያለበት ሥጋው ገና መክተፊያው ላይ ሳለ ነው። ለብቻው በትንሽ ድስት በውሃ ብቻ ይቀቀል።

ጨው ቀጣዩ ነው። ልቡ ለደከመ የ20 ኪሎ ውሻ የቀኑ ጨው፣ በምግቡ በተፈጥሮ ያለው ሁሉ ተደምሮ፣ የሻይ ማንኪያ ሲሶ እንኳ እንዳያልፍ ይመከራል። አንድ ጭልፋ ሽሮ ወጥ ብቻውን ከዚያ ሊበዛ ይችላል። የሱቅ ዳቦ ጨው አለበት፤ እንጀራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጨው ስለሚቦካ ወጥ ያልነካው እንጀራ ወይም እንጎቻ ለዚህ ውሻ የተሻለ ነው። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ለከብቶቹ ጨው ወይም ቦሌ የተበጠበጠበት ገንዳ። አንበሴ የሚጠጣው ከዚያ ነበር። ባለሙያው ለብቻው ንጹሕ ውሃ በሳፋ፣ ከተኛበት ሳይርቅ እንዲቀመጥለት ሲያዝ እማማ ገርሟቸው «ጨውስ ለእንስሳ መድኃኒት አይደለም እንዴ?» አሉ። «ለላሚቱ ነው፣ እማማ። ለእሱ ልቡ ላይ ሸክም ነው።»

ከሁለቱም ይልቅ ሰውን የሚያስቸግረው የአጥንት ነገር ነው። አጥንት ለውሻ ያልሆነ ለማን ይሁን? አጥንት ግን ፎስፈረስ የሞላበት ነው፤ የታመመ ኩላሊት ደግሞ ፎስፈረስን ማስወጣት ያቅተዋል። ፎስፈረስ በደም ውስጥ ሲከማች ከውሻው ከራሱ አጥንት ካልሲየም እያስወጣ የቀረውን ኩላሊት አደንድኖ ያበላሸዋል፤ ማቅለሽለሹም ይብሳል። ለኩላሊት ሕመምተኛ ውሻ ከምግብ ውስጥ መቀነስ ካለበት ነገር ሁሉ ሐኪሞች የሚያስቀድሙት ይህንን ነው። ጉበት፣ ወተትና አይብም ፎስፈረስ ይበዛባቸዋል። ለውሻ በለመድነው አጓት ላይም እጅን መሰብሰብ ይበጃል።

ታዲያ ምን ይብላ? የእንቁላል ነጩን። በ100 ግራም የእንቁላል አስኳል ውስጥ 390 ሚሊግራም ገደማ ፎስፈረስ ሲኖር በነጩ ውስጥ ያለው 15 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው፤ የፕሮቲኑ ጥራት ግን አቻ የለውም። ተቀቅሎ አስኳሉ ለልጆች፣ ነጩ ለውሻው ይሁን። ጥሬውን አይስጡት፤ ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ያሳጣዋል። በጾም ወራት፣ በተለይ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ ጾመኛው ቤት እንቁላል ስለማይበላ ለውሻው የሚሆነው በቀላሉ ይገኛል። የሚያስቸግረው የጾሙን ድስት አለማስነካቱ ነው፤ ለውሻው አንዲት አሮጌ የሸክላ ድስት ለይቶ ማኖር ይህን ይፈታዋል። በጾም ጊዜ ውሻውም አብሮ ሽሮና ምስር ላይ መውደቁን ግን እንደ ቀላል አልቆጥረውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ተቋም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 አተር፣ ምስርና ድንች ዋና ይዘታቸው የሆኑ የፋብሪካ የውሻ ምግቦች ከልብ ጡንቻ መስፋት ጋር ሳይያያዙ እንዳልቀሩ አስጠንቅቆ ነበር። መንስኤው እስካሁን በእርግጠኝነት ባይታወቅም ልቡ ለታመመ ውሻ ሁለት ወር ሙሉ በጥራጥሬ ብቻ መኖርን አልመክርም።

ለማጥገቢያ የሚሆነው እህል በደቡብ ጎንደር እጅግ ቅርብ ነው። የተፈተገ ነጭ ሩዝ ፎስፈረሱም ጨውም ዝቅተኛ በመሆኑ ሐኪሞች የኩላሊት ምግብ በቤት ሲያዘጋጁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከእሱ ነው፤ ፎገራ ደግሞ የአገሪቱ የሩዝ እምብርት ነው። የፎገራ ሩዝ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ጋይንት ገበያዎች ለመድረስ ሩቅ አይደለም። በጉና ግርጌ የሚበቅለው ድንችም ይሆናል፤ የውሻው ፖታሲየም ከፍ ማለቱ ከተረጋገጠ ግን ተከትፎ ይቀቀልና ውሃው ይደፋ። ጉልበት የሚሰጠው ስብ ፎስፈረስ ስለሌለው ጥቂት ለጋ ቅቤ ወይም ዘይት ጣል ይደረግበታል። በቅመም የነጠረው ቅቤ አይሆንም፤ ሽንኩርት ሊኖርበት ይችላል። ስብ ሲበዛም ቆሽቱን ያሳምመዋልና ልክ ይኑረው።

ከአጥንት የሚቀርበትን ካልሲየም የእንቁላል ቅርፊት ይተካለታል። ቅርፊቱ ታጥቦ ምጣድ ላይ ይደርቅና በሙቀጫ እንደ ዱቄት ይልማል። ከምግቡ ጋር ሲደባለቅ ፎስፈረሱን ሆድ ውስጥ ይዞ ከዓይነ ምድር ጋር ስለሚያስወጣው ጥቅሙ ድርብ ነው። ስንት ቁንጥር እንደሚበቃ ግን ባለሙያው ይወስን፤ ካልሲየም ሲበዛም ኩላሊትን ይጎዳል። እዚህ ላይ መደበቅ የሌለበት ነገር አለ፤ በቤት የሚሠራ የውሻ ምግብ ብዙውን ጊዜ ጎደሎ ነው። በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ከተመረመሩ 200 ያህል የቤት ምግብ ቀመሮች ውስጥ 95 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሏቸው ተገኝተዋል። አቅሙ ኖሮት፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ የተዘጋጀውን የኩላሊት ምግብ መግዛት የሚችል ይግዛ። ለአርብ ገበያ ግን ምርጫው በጎደሎው የቤት ምግብና ጨውና ሽንኩርት ባለበት ትርፍራፊ መካከል ነው፤ በዚህ ምርጫ ማመንታት የለም።

ፕሮቲን መቀነስን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ኩላሊት «ሥጋ ቀንሱልኝ» ሲል የደከመ ልብ የውሻውን ጡንቻ እየበላ ሰውነቱን ያከሳል። ሁለቱም ያለበት ውሻ ሥጋ ጨርሶ ከተከለከለ ከኩላሊቱ በፊት ጡንቻው ያልቃል። ስለዚህ ፕሮቲኑ መጠነኛና ጥሩ ይሁን እንጂ አይጥፋ። ከሁሉ በላይ ይብላ። ቀመሩ ትክክል የሆነና የማይበላው ምግብ፣ ትንሽ ስሕተት ኖሮበት ከሚበላው ያንሳል። ለብ አድርጎ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መስጠት፣ አዲሱንም በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ከአሮጌው ጋር እያቀላቀሉ ማስለመድ ይረዳል። በግድ አፉ ውስጥ መጠቅጠቅ ግን ምግቡን ያስጠላዋል።

ኩላሊቱን መጀመሪያ ምን እንደጎዳው ባለሙያው ሲጠይቅ ያነሣው ሌላ ነገር አለ፤ እማማ በመኸር ወራት ወደ ሁመራና መተማ ለሥራ የሚወርዱ የልጅ ልጆች አሏቸው። ካላዛር የሚባለው የቆላ በሽታ ውሻንም ይይዛል፤ በተያዙ ውሾች ላይ ደግሞ ገዳዩ ብዙ ጊዜ የኩላሊት ድካም ነው። በሽታው ደጋውን የማያውቅ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ተነሥቶ ብዙ ሰው ገድሏል፤ ከቆላ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡም ይታመናል። ውሻ ለሰው በማስተላለፍ ያለው ድርሻ በእኛ አገር ገና አከራካሪ ነው። ያም ሆኖ አፍንጫው የሚደማ፣ ጠጉሩ የሚረግፍ፣ ጥፍሩ ከመጠን በላይ የሚያድግ የከሳ ውሻ ካለ ይህንንም ማስመርመር ይገባል። ከአይጥ ሽንት ጋር በውሃ የሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስም ኩላሊት ያቃጥላል፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል። የታመመ ውሻ ሽንት ያረጠበውን ጆንያ የሚያጥብ ሰው እጁን በላስቲክ ሸፍኖ ቢያጥብ ይበጃል።

እማማ መጻፍ አይችሉም፤ የልጅ ልጃቸው ግን አምስተኛ ክፍል ናት። ባለሙያው ለእሷ አንድ ሥራ ሰጣት። አንበሴ ጭልጥ ብሎ ሲተኛ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ብላ፣ በስልኳ ሰዓት ለ30 ሴኮንድ ቆጥራ በሁለት እያባዛች በደብተሯ ትጻፍ። ጤነኛም ሆነ መድኃኒቱ የሠራለት ውሻ ተኝቶ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በታች ይተነፍሳል። ከዚያ ካለፈና ደግማ ቆጥራም ያው ከሆነ ሳንባው ውሃ እየያዘ ነው ማለት ነው፤ ገበያ ቀን ሳይጠበቅ በዚያው ዕለት ለባለሙያው ይደወላል። አንገቱን ዘርግቶ፣ ክርኑን ከደረቱ አርቆ ተቀምጦ ከተነፈሰ፣ ምላሱም ሰማያዊ ከመሰለ ደግሞ ሰዓት የሚጠበቅበት አይደለም። ልጅቷ ቁጥሩን የጀመረችው በዚያው ማታ ነው፤ 34 አገኘች፣ ደግማ 36። የመጀመሪያው የፉሮሴማይድ ክኒን የተሰጠው በዚህ ምክንያት ነበር፤ በሦስተኛው ሌሊት ወደ 24 ወረደ።

ክብደቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። እህል የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ውሻን ማስቀመጥ ያስቸግራል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ውሻውን አቅፎ የሰው ሚዛን ላይ ይቁምና ቀጥሎ ብቻውን ይመዘን፤ ልዩነቱ የውሻው ነው። በድንገት ከጨመረ ውሃ ቋጥሯል፤ ሆዱንም ማየት ነው። ቀስ እያለ ከቀነሰ ጡንቻው እያለቀ ነው። ካስመለሰው፣ ካስቀመጠው ወይም ውሃ መጠጣት ካቆመ የሚያስሸናው መድኃኒት በዚያ ቀን ሊያደርቀው ስለሚችል መጠኑ ይስተካከል እንደሆን ወዲያው መጠየቅ ያስፈልጋል። በራስ ፈቃድ ግን መድኃኒት አይቋረጥም።

ሁለቱም በሽታዎች አይድኑም። እማማም ይህን ሲሰሙ አልደነገጡም፤ «ስንት ጊዜ ይሰጠኛል?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ባለሙያው ወር ይሁን ዓመት መናገር እንደማይችል፣ ቢበላና ትንፋሹ ቢረጋ ግን መጪውን ክረምት ሊያይ እንደሚችል ነገራቸው። ቀኑ ሲደርስ ስለሚሆነውም በዚያው ማውራታቸው ደግ ሆነ። በአገራችን ባለቤት የሌላቸው ውሾች የሚጠፉበት ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ እንስሳውን እያንቀጠቀጠ፣ አእምሮውን ሳይስት የሚገድል ነው፤ ለማንም ውሻ አይገባም፣ ለቤት ጠባቂ ደግሞ ከቶ አይሆንም። የእንስሳት ሐኪም ፔንቶባርቢታል በደም ሥር ሲሰጥ ግን ውሻው በሴኮንዶች ውስጥ ራሱን ስቶ፣ ሕመም ሳይሰማው ልቡ ይቆማል። ይህ መድኃኒት በየወረዳው ክሊኒክ ስለማይቀመጥ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወይም ከቢሾፍቱ ሐኪሞች ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይጠይቃል። ባለሙያው ስልክ ቁጥሩን በልጅቷ ደብተር ላይ፣ የትንፋሹ ቁጥሮች ከሚጻፉበት በላይ ጻፈላቸውና ወደ ክትባቱ ተመለሰ፤ ገና ያልተከተቡ ከብቶች ይጠብቁታል።